የድድ ቀለም መንኮራኩሮች

ባልና ሚስት ብዙ ነገር ይጫወታሉ። ካርታ የሚጫወት አለ፣ ዳማ የሚጫወት አለ፣ ተኳርፎ የዝምታ ጨዋታ የሚጫወትም ሞልቷል። እነዚህ ሁለቱ ግን የጠፈር ጦርነት ነበር የሚጫወቱት። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር፤ ሳቁ የቀረብኝ በኋላ ነው።

እሱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል፤ ሰፈሩ ሁሉ ጥርስ ሠሪው ይለዋል። እሷ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ናት። ፈታኟ መጣች ከተባለ የከተማው ወጣት መሪ አያያዙ ይጠፋዋል። አንድ ጎማ ነጩን መስመር ከነካ መውደቅ ነው፤ አማላጅ የለም፣ እንባ የለም። የገዛ ወንድሟን ልጅ ሦስት ጊዜ ጥላዋለች። ወንድሟ ዓመት ሙሉ ቤቷን አልረገጠም፤ እሷም «ልጁ ሰው ከሚገጭብኝ እሱ ቢያኮርፈኝ ይሻለኛል» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ጨዋታው የተገዛው ለልጃቸው ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላት አባቷ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ግማሽ ዕቃው የጎደለ ሳጥን ይዞላት መጣ። ልጅቷ ሁለት ቀን ተጫወተችበትና ሰለቻት። ወላጆቿ ግን ቀሩበት። ይኸው አሁን እሷ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ እነሱ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዋጉ ኖረዋል።

ደንቡ ከባድ አይደለም። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል፤ እሱ ጠፈር ነው። እያንዳንዳቸው አውራ ጣት የምታህል መንኮራኩር ሦስት ሦስት አላቸው። መንኮራኩሯ ወዴት እንደምትታጠፍና ምን ያህል እንደምትሄድ የሚታዘዘው በመዘውር ነው፤ ዙሪያውን ቀስት የተሣለበት ትንሽ ክብ ነገር። ሁለቱም በመዳፋቸው ሸፍነው በድብቅ ይሞላሉ፣ እስከ ሦስት ይቆጥራሉ፣ እኩል ይገልጣሉ። የገለጥከውን በማስመሪያ ለክተህ ትሄዳለህ፤ «ተሳስቼ ነው» የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ጠላት በመንኮራኩሩ አፍንጫ ፊት የገባለት ሰው ሦስት ዳይስ ይጥላል። አንዱ እንኳ ቀይ ከመጣ መታ፣ ሁሉም ነጭ ከሆነ ሳተ። ሦስት ጊዜ የተመታች መንኮራኩር ከጨርቁ ላይ ትነሣለች።

የጎደሉትን ዕቃዎች እሱ ነው የሠራቸው፤ ከሥራ ቦታው የተራረፈ፣ ለሰው ሠራሽ ድድ የሚሆን ማቴሪያል እያመጣ። ስለዚህ የእሱ ጦር በሙሉ የድድ ቀለም ነው። «ጠላት ድዱን ገልጦ ሲመጣብሽ አያስፈራም?» ይላታል። እሷ ግራጫዎቹን፣ የሳጥኑን፣ ይዛለች። በቤታቸው ሁለት ነገር ነውር ነው፤ መስረቅና ሆን ብሎ መሸነፍ። የሰረቀ እዚያው ተሸናፊ ነው። አንድ ጊዜ እናቷ የሞተች ሰሞን አዝኖላት ሊሸነፍላት ሞከረና ነቃችበት፤ «ለሐዘኔ ምጽዋት አልለመንኩህም» ብላ ሦስት ቀን አላነጋገረችውም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ኩላሊቱ ከዳው። አንዱ ቢሆን እሰየው፣ ሁለቱም። በሳምንት ሦስት ቀን እየሄደ አራት አራት ሰዓት ደሙ በማሽን ይታጠባል። ግራ ክንዱ ላይ ለመርፌው የተሠራለት ደም ሥር ገመድ አክሎ አብጧል፤ ጣት ሲያርፍበት ይርገበገባል። የሚጠጣው ውሃ በቀን በብርጭቆ ተለክቶ ነው። ቅዳሜ ከእጥበት ሲመለስ እንደ ጨርቅ ስለሚዝል ጨዋታው ወደ እሁድ ከሰዓት ተዛወረ።

ሦስት ወር ይሆነዋል፣ እሷ ተመርምራ ኩላሊቷ ከእሱ ጋር ገጠመ። ደስታዋን ልነግራችሁ አልችልም፤ ከላቦራቶሪው እስከ መኪናዋ ድረስ እየሮጠች ነው የሄደችው። ቤት ገብታ ስትነግረው «አይሆንም» አለ። ለመነችው፣ አይሆንም። አለቀሰች፣ አይሆንም። ልጅቷ በስልክ አለቀሰች፣ አይሆንም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ።

«ሁለታችንም ባንድ ቀን ቢላ ሥር ገብተን አንድ ነገር ብንሆን ልጅቷ ማን አላት?» ነበር ክርክሩ።

«አንተ ሞተህ እኔ ሁለት ኩላሊት ታቅፌ ብቀር ምን ይሠራልኛል?» ነበር መልሷ።

አርብ ዕለት እሱን የምትከታተለው ሐኪም ሁለቱንም ጠርታ በር ዘጋች። ልቡ እየደከመ መሆኑን፣ ጥቂት ወር ከቆየ ቀዶ ሕክምናውን እንደማይችለው፣ አሁን የተያዘላቸውን ተራ ካለፉ ወረፋው መቼ እንደሚመለስ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። «ሰኞ ጠዋት መልሳችሁን እፈልጋለሁ» አለች። ወደ ቤት ሲመለሱ ፈታኟ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ መብራት ጥሳ አለፈች። እሱ ዞሮ መብራቱን አየው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ጨርቁን አነጠፈ። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች።

«ዛሬ ያንን ነገር እንዳታነሺብኝ» አላት መንኮራኩሮቹን እየደረደረ።

«ነገ ሰኞ ነው።»

«ቀኑን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

የመጨረሻዋን መንኮራኩር አስተካክሎ አቆመና ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ጨዋታው ይፍረደን» አለ። «ካሸነፍሽ እሺ እላለሁ። ካሸነፍኩሽ ግን ይህ ነገር ከዚህ ቤት ይወጣል። ለእኔም አታነሺም፣ ለልጅቷም አታወሪም፣ እህቴንም እየደወልሽ አታስለቅሻትም።»

«በጨዋታ?»

«በንግግርማ ሦስት ወር ሞከርነው።»

«ልጅቷ ትሙት በል።»

«ልጄን እዚህ ውስጥ አላስገባም። ቃሌ አይበቃሽም?»

ቃሉ ይበቃታል፤ ችግሩም እሱ ነው። ይህ ሰው ካለ አለ ነው።

የሰው ነፍስ በአሻንጉሊት ይወሰናል ወይ ብላችሁ ትፈርዱባቸው ይሆናል። እኔ ብሆን ጠረጴዛውን ነበር የምገለብጥበት። ግን ሦስት ወር ሙሉ «አይሆንም» ብቻ ሲወጣ ከሰማችው አፍ «እሺ» የምትል ቃል ወጥታለች፤ ከ«ካሸነፍሽ» ጋር ተጣብቃም ቢሆን ወጥታለች። እሱ ደግሞ ስድስት እሁድ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። አውቆ ነው ያቀረበላት፣ አፏን ሊያዘጋ። እሷም ይህን ታውቃለች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

ጨዋታው ሁለት ሰዓት ፈጀ። እሷ መታጠፊያ ታውቃለች፤ የትኛዋ መንኮራኩር በየትኛዋ ሥር እንደምታልፍ ማስመሪያ ሳታወጣ በዓይኗ ትለካለች። እሱ ግን ትዕግሥተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንዲት ጥርስ ሲሞርድ የሚውል ሰው ነው። የመጀመሪያዋን ግራጫ ገና በጊዜ ጣለባት። እሷ አንድ ድድ አነሣችበት። ሁለተኛዋንም ጣለባት፣ ሁለተኛውን አነሣችበት። በመሃል ከንፈሩ ይደርቅና በረጠበ መሐረብ ያብሰዋል። የተለካችለትን ውሃ ለማታ ቆጥቧታል። እሷም በሱ ፊት ከጠጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሲጠማት ኩሽና ገብታ ትጠጣለች።

በመጨረሻ አንድ ለአንድ ቀሩ። ሁለቱም ሁለት ሁለቴ ተመትተዋል። አንድ ቀይ የመጣለት ያሸንፋል።

መዘውራቸውን ሞሉ። አሥራ ሦስት ዓመት አብራው ተጫውታለች፤ ሲጨንቀው ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው፣ ሁልጊዜ። እሷም ግራ ሞላች፣ ተከትላው ልትገባ። በመዳፏ ሥር ክቡ በላብ ረጥቧል። «አምላኬ፣ ወደ ግራ አድርግልኝ» አለች በልቧ፤ ከእጥበቱ ማሽን አጠገብ ተቀምጣ እንኳ እንደዚህ ለምና አታውቅም።

«አንድ» አለ እሱ። «ሁለት። ሦስት።»

የእሱ ተገለጠ። ቀጥታ ነው።

እሷ በዓይኗ ለካች፤ ለመለካት ጊዜ አይፈጅባትም። እንደሞላችው ግራ ከታጠፈች በቀጥታ አፍንጫው ሥር ትገባለች፣ እሷ ግን አታገኘውም። ከግራው ቀጥሎ ያለው ቀስት ቀጥታ ለአጭር መንገድ የሚወስደው ነው፤ በእሱ ብትሄድ ልክ ከኋላው ትቆማለች። እጇ ገና መዘውሩ ላይ ነበር። ክቡን ስታነሣ አውራ ጣቷ ገፋ አደረገው።

መዘውሩ የእሱ እጅ ሥራ ነው። በየቀስቱ እንዲቆም ውስጡን ጥርስ አበጅቶለታል፤ ሲዞር ቀጭ ይላል። ቀጭ አለ። በዚያ ጸጥ ባለ ቤት የተኩስ ያህል ነው የተሰማት።

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይባል የለ? ፊቷ ነደደ። ስንቱን ልጅ በአንድ ጣት ስሕተት ከመኪና አውርዳ የሸኘች ሴት፣ አሁን እጇ ላይ የተሰረቀ ነገር ይዛ ተቀምጣለች። እሱ ፊቷን አላያትም። እጇን ነበር የሚያየው፣ ለረጅም ጊዜ። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። አሁን «ሰርቀሻል፣ ተሸንፈሻል» ይላል፤ ነገ ጠዋትም ለሐኪሟ «አልተስማማንም» ብላ ትደውላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አቃታት።

«ተንቀሳቀሺ እንጂ» አላት።

ማስመሪያውን አንሥታ መንኮራኩሯን ገፋች። ከኋላው ቆመች። ሦስቱን ዳይስ በሁለት እጇ ሰብስባ ጣለች፤ አንዱ ተንከባሎ ጨርቁ ጫፍ ላይ ቆመ።

ነጭ። ነጭ። ያኛውም ነጭ።

እዩልኝ እንግዲህ። ክብሯን ሸጣ ምንም አላገኘችበትም። እሱ ቀኝ እጁን ዘርግቶ የራሱን መንኮራኩር ከጨርቁ ላይ አነሣና ከሞቱት ጋር አስቀመጣት።

«ተመታሁ» አለ።

«አልመታሁህም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዳይሱን እየው፣ ሦስቱም ነጭ ነው። ደግሞ ሰርቄሃለሁ። መዘውሩን አዙሬዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ነው ዝም ያልከው?»

«ሰምቼ ነው።» መሐረቡን አጣጥፎ አስቀመጠ። ቃል ሲፈልግ ጊዜ ወሰደበት፤ የሆዱን የሚያወራ ሰው አልነበረም። «ሦስት ወር ሙሉ ስትለምኚኝ፣ ሚስት ናት ምን ታድርግ እል ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብላ ነው፣ በይሉኝታ ነው እል ነበር። ልጅቷን ምክንያት አደረግሁ እንጂ የሆዴ ይኼ ነው። በይሉኝታ የተሰጠኝን ኩላሊት ተሸክሜ በየቀኑ ዓይንሽን ማየት አልችልም። እየሰነበተ ሲቆጭሽ ማየት አልችልም።»

«እንዲህ ነበር የምታስበኝ?»

«ነበር። አንቺ ግን ለይሉኝታ ብለሽ አትሰርቂም። ለወንድምሽም አላደረግሽውም።»

ያን ጊዜ እንባዋን ለቀቀችው፤ ድምፅ አውጥታ ነው ያለቀሰችው። «ላንተ ብዬ መሰለህ?» አለች በለቅሶዋ መሃል። «ለራሴ ነው። ለራሴ ነው የምለምንህ። አንተ የሌለህበትን እሁድ አልችለውም። የማልችለውን ነገር አታሸክመኝ።»

እሱም ዓይኑ ሞላ። ሰው ባየው ያፍር ነበር፣ ግን ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ተነሥቶ ጠረጴዛውን በዝግታ ዞረና አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መራመድ እንኳ ያደክመዋል።

«እሺ» አላት። ይቺን ቃል በ«ካሸነፍሽ» አላሰራትም።

ቀና ብላ አየችው። የሚያሾፍባት መስሏት ሳይሆን ቃሉን ደግሞ እንዲላት ነው። ደገመላት።

ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ወርዳ ወለሉ ላይ ሆናለች።

«የትኛውን ነው የሚወስዱት?» አለ።

«የግራውን።»

መዳፉን ግራ ጎኗ ላይ፣ ከጎድን አጥንቷ ዝቅ ብሎ፣ በቀሚሷ ላይ አስቀመጠ።

«እዚህ ጋ ነው?»

«ትንሽ ወደ ኋላ።»

ትንሽ ወደ ኋላ አደረገው። ስትተነፍስ እጁ ከፍ ዝቅ ይላል። «ይቅርታ» አለ፤ ለእሷ ይሁን ለሚወሰደው ነገር አልለየለትም። እጁን አላነሣም፤ እሷም እጇን ደረበችበት።