ሶላሩን ለመቅበር የመጡ ለቀስተኞች

በአንዲት የፊጂ መንደር የሞቱ ሶላሮች ሁሉ አልቀዋል። የጀርባቸው ፕላስቲክ ተልጦ፣ በታሸገ በርሜል ውስጥ ግሎ፣ የማብሰያ ጋዝ ሆኗል። የቀረው በአዛውንቱ በሳኪዩሳ ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ገና በሕይወት አለ፤ ብቸኛ ጓደኛቸውን ራዲዮውን ያናግርላቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት የመንደሩ ሹም አፒሳይ ጎረቤቱን ሁሉ አስከትሎ፣ ምንጣፍና ካቫ የሚሉትን የሥር መጠጥ ይዞ ለቅሶ መጣ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ አባባ።»

«ማን ሞተና?»

«ሶላርዎ።»

«ትናንት እኮ ራዲዮ ሲያናግር ነው ያመሸው።»

«አይ አባባ፣ ሊሞት ሲል እንዲያ ሻል ይለዋል።»

ሳኪዩሳ ሊቆጡ ሲሉ የካቫው ጽዋ ተዘረጋላቸው። ጽዋ ሲቀርብ ማጨብጨብ ከልጅነታቸው የለመዱት ነውና እጃቸው ቀደማቸው፤ አጨበጨቡ። በለቅሶ ካቫ ላይ ያጨበጨበ ደግሞ ሐዘኑን ተቀብሏል፤ ለቀስተኛውንም ማብላት አለበት።

«በምን ላብስልላችሁ?» አሉ ጨንቋቸው። «ጋዝ የለ፣ እንጨቱን ዝናብ መትቶታል።»

ሁሉም ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

እኩለ ቀን ላይ ካሳቫው በስሎ ቀረበ። የመጀመሪያውን ቁራሽ፣ ሐዘንተኛ ናቸውና፣ ለሳኪዩሳ ሰጧቸው።

«ጥሩ በስሏል» አሉ አዛውንቱ። እንባቸው የመጣው ያኔ ነው።