በኮሪደሩ የተዘረጋው ገመድ

መንታ ሴት ልጆች አሉኝ። አንዷ ነርስ፣ አንዷ አስተርጓሚ። ሁለቱም በየክፍላቸው ኮምፒውተር አላቸው። ኢንተርኔት የሚገባው ግን በአስተርጓሚዋ ኮምፒውተር ላይ በተሰካችው ሞደም ብቻ ነው።

አንድ ረፋድ ነርሷ በኮምፒውተር የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበራት። ይህን ሥራ ከተመረቀች ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች። በዚያው ሰዓት አስተርጓሚዋም በኮምፒውተሯ የሁለት ነጋዴዎችን ድርድር ልታስተረጉም ቃል ገብታለች።

«ገመድ እንዘርጋ፤ ኮምፒውተርሽ ኢንተርኔቱን ያካፍለኝ» አለች ነርሷ።

ገመዱን በኮሪደሩ አሳልፈው ሁለቱን ኮምፒውተሮች አገናኙ። በሮቹን ገርበብ አደረጓቸው። እኔ ማንም እንዳይረግጠው መሃል ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ።

ገመዱ የተሰካበት ቦታ ያለችው መብራት በራች፤ ኢንተርኔት ግን የለም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ ቤት ከሌላው የተለየ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል አሉኝ።

«ቁጥር ሰጥተሽዋል?» ነርሷ ከክፍሏ ጮኸች።

«ድሮ!»

«እኔም! አባዬ፣ ገመዱን ረግጠኸዋል እንዴ?»

«እግሬን ሰብስቤያለሁ» አልኩ።

ነቅለው ሰኩት። ምንም የለም። ሰዓቱ ደረሰ፤ የነርሷ ድምፅ ቀጠነ። አስተርጓሚዋ ሄዳ የእህቷን ስክሪን አየች።

«አንቺ! የኔን ቁጥር እኮ ነው የሰጠሽው!»

«ያንቺ ማን አደረገው? ራሴ ነኝ ያሰብኩት።»

«እኔም ራሴ!»

ሳይነጋገሩ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ዓይነት መርጠዋል። ልጅ ሳሉ በተለያየ ክፍል ተፈትነው ያንኑ ስሕተት ስለሠሩ፣ ተኮራርጀዋል ተብዬ ትምህርት ቤት ተጠርቼ አውቃለሁ።

«በቃ እቀይራለሁ» አሉ እኩል።

«አንዳችሁ ብቻ!» አልኩ። «አለዚያ ደግሞ አንድ ቁጥር ላይ ትገናኛላችሁ።»

ነርሷ ቀየረች። ኢንተርኔቱ ገባ። ፀጉሯን አስተካክላ ተቀመጠች። እህቷም ወደ ክፍሏ ሮጣ ድርድሯን ጀመረች።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ጥሩ እየመለሰች ሳለ ድምፃቸው ይቆራረጥ ጀመር። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አለች። ደግማም አለች። መስመሩ ለሁለት ሰው ምስል አልበቃም። እህቷን እንዳትጠራ ሰዎቹ እያዩዋት ነው። እኔም ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

ወደ ሌላው በር ዞር አልኩ። አስተርጓሚዋ ማንም ሳይጠራት ነጋዴዎቹን «ካሜራዬን አጠፋለሁ፤ በድምፅ ብቻ እንቀጥል» አለቻቸው። አንደኛው አጉረመረመ። እሷ አጠፋችው፤ ትርጉሟንም ቀጠለች።

የጠያቂዎቹ ድምፅ ጠራ።

«መቼ ሥራ መጀመር ይችላሉ?» አለ አንዱ።

«ነገ!» አለች ነርሷ።

ያን ጊዜ አስተርጓሚዋ የእህቷን መልስ በኮሪደሩ ስትሰማ ድምፅዋ መሃል ላይ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» አለች ነጋዴውን።