የፋንትነሽ ሳቫሪና

ፋንትነሽ ባሏ ብሩ ካረፈ ወዲህ ከቀኑ ሁሉ የምትፈራው ከሰዓት በኋላውን ነበር። ጠዋቱስ እንደምንም ይገፋል። ማሃኔ የሁዳ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ ወጥታ ወተትና አትክልት ትገዛለች፤ መንገድ ላይ ያገሯን ሰው ካገኘችም "እንዴት አደርሽ? ልጆች ደህና ናቸው?" ተባብላ ትንሽ ትጫወታለች። ከምሳ በኋላ ግን ሕንፃው ጭር ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ነው። እሷ ጉልበቷ እምቢ ብሏት የጽዳት ሥራዋን ከተወች ቆይታለች። ቴሌቪዥኑን ትከፍተዋለች እንጂ አታየውም፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስላት ብቻ ነው።

ያለቻት አንድ ልጅ ሺራ ናት። ሺራ ባራክ የሚባል ልጅ አግብታ ጊቫት ሽሙኤል ትኖራለች። ጊቫት ሽሙኤል ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጉልበት ላለው ሰው በእግር ይደረሳል። ሩቅ ያለ ልጅ ቀን ቆርጦ ይመጣል፤ ቅርብ ያለው ግን ሁልጊዜ "ነገ እመጣለሁ" ነው የሚለው።

በዓል በመጣ ቁጥር ሺራ ትደውላለች፤ እናቷን የምትጠራት በዕብራይስጥ "ኢማ" ብላ ነው። "ኢማ፣ ነይ። ምንም አታምጪ፣ ሁሉ ነገር አለ" ትላለች። ይቺ "ምንም አታምጪ" የምትባል ቃል ፋንትነሽን ውስጥ ውስጡን ታሳምማታለች። ልጅቷ ለእናቷ ድካም አስባ እንደምትለው ታውቃለች። ቢሆንም ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ እናት ደግሞ በልጇ ቤት እንግዳ መሆን አትወድም። አንድ ጊዜ ቃሉን ጥሳ ድፎ ዳቦ ይዛ ሄዳ ነበር። አደነቁላት፣ ፎቶ አነሱት፣ ስትወጣም አብዛኛውን በፌስታል ቋጥረው መለሱላት።

ዘንድሮ ሻቡኦት የሚባለው በዓል ሲቃረብ ግን ነገሩ ተለወጠ።

"ኢማ፣ በዓሉ እኛ ቤት ነው" አለች ሺራ በስልክ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ። "የባራክ ቤተሰብም ይመጣል። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል። ሁሉም ሐላቪ ነው እሺ? የወተት ነገር ብቻ፤ ሥጋ የሚባል የለም።"

"እኔስ ምን ላምጣ?"

"የፈለግሽውን።"

ፋንትነሽ ስልኩን ዘግታ ምን እንደምትሠራ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። የባራክ እናት ኦራ በፑሪም በዓል ማዕድ ላይ ያለችው ነገር ከልቧ አልወጣም ነበር። የኦራ እናት፣ ከሮማኒያ የመጡት አሮጊት ክላራ፣ ድሮ ሳቫሪና የሚባል ኬክ ይሠሩ ነበር። በእርሾ የተቦካ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ለስላሳ ኬክ ነው፤ የስኳር ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ይርስና መሃሉ በክሬምና በፍራፍሬ ይሞላል። "እናቴ ምድጃ አጠገብ መቆም ካቃታት ወዲህ የሚሠራው ሰው ጠፋ" ብላ ኦራ ተክዛ ነበር። ፋንትነሽ ያን ጊዜ የኬኩን ስም ብቻ በልቧ ያዘች። አሁን ግን "እኔ እሠራዋለሁ" አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለባዶው ሳሎን።

አሠራሩን ከስልኳ ላይ አገኘችው። የምታሳየው ሴት ቋንቋዋ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባትም፤ እጇን ብቻ ነው ያየችው። የመጀመሪያውን ቀን ዱቄቱን እንደ ዳቦ አጠንክራ አቦካችው። ሲወጣ መልኩ ያምር ነበር፤ የስኳር ውሃውን ብታፈስበት ግን በጎኑ ወርዶ ሳህኑ ላይ ተኛ። ኬኩ እንደ ድንጋይ ውሃ አልገባህ አለው። ቆርሳ ቀመሰችና "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሲጠጣ ለመኖር የተፈጠረ ነው፣ አታንቂው" ብላ በራሷ ሳቀች። ሳቋ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

ሁለተኛውን ሊጥ አላላችው። እንቁላልና ቅቤ ጨምራ፣ እጇ ላይ እየተለጠፈ እየተንጠባጠበ እስኪያስቸግራት መታችው። ኩፍ ብሎ ቅርጹን ሞላ። ከምድጃ ሲወጣ በጭልፋ እየቀዳች ሎሚና ብርቱካን ልጣጭ የተቀቀለበትን የስኳር ውሃ አጠጣችው። ጠጣ። ጨመረች፣ ጠጣ። እንዲህ ያለ ነገር ቤቷ ውስጥ ሲሆን ካየች ስንት ጊዜዋ ነው! የሰጡትን ሁሉ የሚቀበል፣ ስትጨምርለት የሚያብጥ። እየለመነች ልጅ እንደምታጎርስ ሴት "እንካ፣ ትንሽ ጨምር" እያለች አጎንብሳ ቆየች።

የበዓሉ ዋዜማ ላይ ክሬሙን መትታ መሃሉን ሞላችው። ኮኩን ሸንሽና ደረደረችበት፤ ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ከገበያ ያገኘቻቸውን ጥቂት እንጆሪዎች ከላይ አስቀመጠች። ባራክ በመኪና እንደሚወስዳት ተነግሯት ነበር። ቀትር ላይ "ሥራ በዛብኝ፣ አውቶቡስ ያዢ" ብሎ የድምፅ መልእክት ላከ። "በሰደር" አለች ለራሷ፤ እሺ እንደማለት ነው። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፤ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር በሁለት እጇ እያቀፈች ጊቫት ሽሙኤል ደረሰች።

በሩ ሲከፈት ከሰው በፊት የተቀበላት ሽታው ነው። የተጠበሰ ሥጋ።

ፋንትነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። በአይሁድ ሥርዓት ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ እንደማይቀርብ ለእሷ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ሺራ ካርቶኑን አየች፣ ከዚያ የእናቷን ፊት አየች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ወይ ኢማ! አልነገርኩሽም እንዴ? የባራክ አባት ሥጋ የሌለበት በዓል በዓል አይመስለኝም ብሎ ቀየርነው እኮ። ግሩፑ ላይ ጽፌው ነበር።"

"የትኛው ግሩፕ?"

"የቤተሰቡ..." ሺራ ቃሏን ሳትጨርስ ዋጠችው። እናቷ እዚያ ውስጥ እንደሌለች ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው።

ኦራ ከጓዳ ወጥታ አቀፈቻት፤ ክዳኑን ከፍታም "ሳቫሪና! አላምንም!" ብላ ጮኸች። ጩኸቷ የእውነት ነበር። "ነገ እንበላዋለን፣ ነገ እንዲያውም ይጣፍጣል" አለች። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ማቀዝቀዣው ግን ሞልቶ ነበርና ሺራ ሐብሐቡን አውጥታ ካርቶኑን በግድ አስገባችው። የላይኛው መደርደሪያ ክሬሙን ሲደፈጥጠው ፋንትነሽ አየች። "ተይው፣ ምንም አይደል" አለች።

ፀሐይ ጠለቀች፣ ሻማ በራ፣ ተባርኮ ማዕድ ቀረበ። ፋንትነሽን ከማዕዱ ጫፍ፣ ከአሮጊቷ ከክላራ አጠገብ አስቀመጧት። እሳቸው ጆሯቸው ደክሟል፣ እሷ ዕብራይስጡ ሲፈጥን ያመልጣታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ማቀማመጥ ቀላል ሆኖ የተገኘ ይመስላል። ወሬው ስለ ቤት ኪራይና ስለ አንድ የባራክ ጓደኛ ሠርግ ነበር። ሲስቁ ፋንትነሽም ትስቃለች፤ በምን እንደሚስቁ ሳታውቅ ትንሽ ዘግይታ። ሥጋው ሲዞር አሳለፈችው። አውቃ አልነበረም፤ መብላት አላሰኛት ብሎ ነው። ሰላጣና ሩዝ ይዛ በሹካ ታመላልሳለች። ማንም አላየም።

አሮጊቷ ከድንች በቀር ምንም አልበሉም። ሐኪማቸው ሥጋ ከልክሏቸዋል። በመሃል ቀና ብለው በማይመጥን ከፍተኛ ድምፅ፣

"ሳቫሪናው የታለ?" አሉ።

ወሬው ቆመ። "እማማ፣ ነገ" አለች ኦራ። "አሁን ሥጋ እየበላን ነው።"

"እኔ መቼ ሥጋ በላሁ?"

"እዚህ ማዕድ ላይ አይሆንም፣ እማማ።"

አሮጊቷ እንደ ልጅ ከንፈራቸውን ጣሉ። ሰዎቹ ወደ ወሬያቸው ሊመለሱ ሲሉ ፋንትነሽ ከወንበሯ ተነሣች።  በዚያ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሳይጠይቋት ተናግራ አታውቅም።

"እኔም አልበላሁም" አለች በተሰባበረ ዕብራይስጧ። "እኔና እሳቸው ውጭ፣ ሰገነቱ ላይ እንበላለን።"

ሺራ የእናቷን ሳህን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ሩዙ ሳይጎድል ቀርቷል። ልትናገር ፈለገች፤ ፋንትነሽ ግን የአሮጊቷን ክንድ ይዛ እየተራመደች ነበር።

ሰገነቱ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮችና አንድ ልብስ ማስጫ አለ። ፋንትነሽ ካርቶኑን አምጥታ የተደፈጠጠውን ክሬም በማንኪያ አቃናችው፤ በወረቀት ሳህን ቆርሳ ሰጠቻቸው። ክላራ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ፋንትነሽ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች።

"መሃሉ ደርቋል" አሉ።

"ምን?"

"ዳሩ ጥሩ ነው። የስኳር ውሃው ግን መሃሉ ድረስ አልገባም። በሹካ ወጋ ወጋ አድርገሽው ነበር?"

"አላደረግኩም። አላወቅኩም።"

"ይወጋል! በደንብ ይወጋል። ማን አስተማረሽ?"

"ስልኬ" አለች ፋንትነሽ። አሮጊቷ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ በዚያ ምሽት በምን እንደምትስቅ አውቃ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ክላራ ሳህናቸውን ዘርግተው "ድገሚኝ" አሉ። ሌሎቹ ድፎ ዳቦዋን "ዋው" ብለው መልሰውላት ነበር፤ አሁን መሃሉ ደርቋል ያሏት እኚህ ሴት አንጀቷን አራሷት። ቀምሰው ነው የተናገሩት።

"ቤትሽ ለማን ትጋግሪያለሽ?" አሉ ክላራ እየበሉ።

ፋንትነሽ ፍርፋሪውን ከጭኗ አራገፈች። "ለማንም። ባሌ ሞቷል። ልጄ እዚህ ናት።"

"እኔን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጡኛል" አሉ አሮጊቷ። "ጥሩ ልጆች ናቸው። ቴሌቪዥኑም ትልቅ ነው።"  ትንሽ ቆይተው ማንኪያው በእጃቸው እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ፋንትነሽ ማንኪያውን ቀስ ብላ ወሰደችላቸው። ከውስጥ ዘፈኑ ተጀምሮ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ ሺራ ከባራክ ትከሻ ጋር ተደግፋ ስታጨበጭብ ይታያታል። ታምራለች። ደስ ብሏታል። ፋንትነሽ ለዚህ ደስታ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ጥቂት አለቀሰች።

እዚያው አድራ በማግስቱ ከምሳ በኋላ በእግሯ ልትመለስ ተነሣች፤ በበዓል አውቶቡስ የለም፣ መኪናም አይነዳም። ሺራ ልሸኝሽ ብላ ተከተለቻት። 

"ኢማ፣ ተቀይመሻል?" አለች ሺራ። የተናገረችው በአማርኛ ነበር፤ ቃላቱን እየፈለገች።

"አልተቀየምኩም።"

"ሥጋ እንዳልበላሽ አላየሁም። ግሩፑ ላይ አሁኑኑ... በዓሉ ሲወጣ አስገባሻለሁ።"

"የሚጽፉትን መቼ አነበዋለሁ ልጄ? ሳነብ ሌላ ይጽፋሉ።" ፋንትነሽ ቆመች፤ ጉልበቷን ለማሳረፍም ነው። እስከዛሬ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ" ነበር የምትለው። ዛሬ ግን የአሮጊቷ ድፍረት ተጋብቶባት ይሁን እንጃ፣ "ሺራ፣ ብቻዬን ነኝ" አለች። "ከሰዓት በኋላው ያስፈራኛል።"

 ሺራ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። "ማክሰኞ ከሥራ ቀጥታ እመጣለሁ" አለች በመጨረሻ፣ በዕብራይስጥ።

"በሰደር" አለች ፋንትነሽ። ተሳሳሙና ተለያዩ። የቀረውን መንገድ በየጥላው እያረፈች ብቻዋን ተጓዘች።

ማክሰኞ ሺራ መጣች። ዘግይታ ነው የመጣችው፤ የተዘጋጀላት ምግብ ቀዝቅዞ ነበር። ስልኳ ሦስት አራት ጊዜ ጠራ፣ አነሣች፣ ዘጋች፤ ስለ ሥራዋ አንድ ነገር ማውራት ጀመረችና ከመሃል ላይ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች አሸለባት። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላ መጣች፤ አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች። ያን የመጀመሪያውን ማክሰኞ ግን ፋንትነሽ ነጠላዋን አውርዳ ልጇን አለበሰቻት፤ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ማዶ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሺራ ትንሽ ታንኮራፋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። እናቷ ያንን እያዳመጠች፣ መብራት ለማብራት እንኳ ሳትነሣ፣ እስኪመሽ ተቀመጠች።