የአባዬ ጣቶችና የቅጠሉ ጭማቂ

ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ቀርቶኛል። ሰሞኑን የላብራቶሪ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ የአባዬ እሁዶች ትዝ አሉኝና ሆዴ ባባ። ቁጡ ሰው ነኝ፤ በትንሽ በትልቁ ሆዴ አይባባም።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከቤታችን ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቱ ስር በእግር የሚረገጥ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ እጅጌ ያልተሰፋላቸው ኮቶች፣ ወለሉ ሁሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ። ተማሪ ሳለሁ በማሽኑ ድምፅ ነበር የማጠናው። ድምፁ ሲቋረጥ እኔም ከመጽሐፌ ቀና እላለሁ። ምን ልበላችሁ፣ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል።

ስኳር እንዳለበት ከታወቀ በዐሥራ አንደኛው ዓመት እግሩ ይደነዝዝ ጀመር። «ካልሲ ሳላደርግ ያደረግኩ ይመስለኛል» አለኝ አንድ ቀን እየሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ከእግር ጣት እንደሚጀምር፣ ያልተሰማ ቁስልም እግር እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ አውቃለሁ። እግሩን ያጣ ልብስ ሰፊ ያን ማሽን በምን ይረግጠዋል?

የሚገርመው ሥራዬም እሱው ነበር። ላብራቶሪያችን ስኳር ላለባቸው አይጦች የአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል እየሰጠ፣ ነርቫቸውን ይከላከልላቸው እንደሆነ ይሞክር ነበር። ቅጠሉን አድርቄ እፈጫለሁ፣ በአልኮል እዘፈዝፋለሁ፣ አጣርቼ አልኮሉ እንዲተን አድርጌ የሚቀረውን ጥቁር ዝልግልግ በውሃ በጥብጬ አጠጣቸዋለሁ። ከዚያ ሞቅ ያለ ሳህን ላይ አቆማቸውና እግራቸውን እስኪያነሡ በሰዓት እይዛለሁ። ጭማቂውን የጠጡት ካልጠጡት ቀድመው ያነሡ ነበር፤ ሙቀቱ ይሰማቸዋል ማለት ነው። የላብራቶሪውን ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩን፣ በሌሉበት «ምናልባት» ነበር የምንላቸው፤ ያለዚያች ቃል አፋቸውን አይከፍቱም። «ምናልባት ይከላከላል። ምናልባትም ለአይጥ ብቻ ነው። ለሰው ገና ነው» ይሉናል።

እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ከጭማቂው በትንሽ ጠርሙስ ቀንሼ ለአባዬ ወሰድኩለት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቅጠል ነው። ጠጣው።»

«አይጦቹ ምን አሉ?»

«ወደውታል።»

«እንግዲያው እኔ ከአይጥ አላንስም» ብሎ ጭልጥ አደረገው። ምሬቱ ፊቱን አጨማደደው።

እሁድ ሱቁ ዝግ ነው፤ ከራሴ ቤት የሳምንቱን ጠርሙስ ይዤለት እየሄድኩ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ስር እፈትነዋለሁ። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በቀጭን የናይለን ክር ጣቶቹን አንድ በአንድ እነካለሁ፤ ሲሰማው ይናገራል። የመጀመሪያው እሁድ ምንም አልተሰማውም። በሦስተኛው «አውራ ጣቴ» አለ። በሁለተኛው ወር አምስቱንም ቆጠረልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከፈተናው በኋላ ሻይ እንጠጣለን፤ ሲለካ ሆዱን የሚደብቀውን ነጋዴ እያስመሰለ በሳቅ ያፈርሰኛል። እንደዚያ ያለ እሁድ ዛሬ ከየት ይመጣል።

አንድ ሰኞ አላስችል ቢለኝ ለፕሮፌሰሩ ተናዘዝኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ጉበቱን ብትጎጂውስ?» አሉኝ። «ዛሬውኑ አስቁሚው። ለመሆኑ ስትፈትኚው አንዳንዴ ሳትነኪው ትጠይቂዋለሽ?»

«አልጠይቅም።»

«በምን ተራ ነው የምትነኪው?»

ሁልጊዜ ከአውራ ጣት ወደ ትንሿ ነው። አባዬ ልክ ሲወስድ ከትከሻ ጀምሮ ይወርዳል፣ ተራውን አያዛንፍም፤ እኔም የወረስኩት ይህንኑ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ዓይኑን ሲጨፍን ክሩን አላነሣሁም። ጎንበስ ብቻ አልኩ። በርጩማው ሲጥ አለ።

«አውራ ጣቴ» አለ።

ቀና ብዬ እንደገና ጎንበስ አልኩ።

«ቀጥሎ ያለችው።»

እጄ ጭኔ ላይ እንዳለ፣ በርጩማው ሲጥ ባለ ቁጥር፣ አምስቱንም ቆጠራቸው።

ቅስሜ ስብር አለ። እግሩን በሁለት እጄ አንሥቼ ገለበጥኩት። ያን ሁሉ ሳምንት ጣት ስቆጥር ውስጥ እግሩን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። ተረከዙ ላይ የማሽን መርፌ ስባሪ ተሰክቶ ዙሪያው ጠቁሯል። መቼ እንደወጋው አያውቅም።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

«የመጀመሪያው እሁድ ምንም አልተሰማኝም ስልሽ፣ ሻይሽን እንኳ ሳትጠጪ ሄድሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ ይህ ቤት እሁድ ሰው አይቶ አያውቅም። ካልሠራ ትተዪዋለሽ ብዬ ነው።»

«መድኃኒቱን?»

«መምጣቱን።»

ያኔውኑ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። መርፌው ወጣ፤ ቁስሉ ግን እስኪድን አራት ወር ፈጀ፣ ማሽኑም አራት ወር ዝም አለ። ጭማቂውን ተውነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፣ በሁለት እግሩ። እሁድ እሁድ እየሄድኩ እግሩን ለብ ባለ ውሃ አጥባለሁ፤ ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙን፣ በየጣቶቹ መሃል በእጄ እዳስሳለሁ።

«ተሰማህ?» እለዋለሁ።

«ኧረ ምንም» ይለኛል፣ ደስ ብሎት።