የታናሽዋ ደም

ጉበት ሲጎዳ ያማል ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚያልቀው? አያትየዋ ይህን ማንን ይጠይቁ? የትልቋን የልጅ ልጃቸውን አገጭ ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሯትና የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣታቸው ሳብ አደረጉት።

"ቢጫ ነው" አሉ።

"መጋረጃው ነው እማማ። በሱ በኩል ሲታይ አንቺም ቢጫ ነሽ።"

አያትየዋ መጋረጃውን ገለጡት። ዓይኗ ያው ቢጫ ነበር።

"አሁንስ?"

ትልቋ ጥቃቅን መፍቻዎቿን ቦርሳዋ ውስጥ ትደረድር ጀመር። ሞባይል ጠጋኝ ናት፤ ቤቱ የቆመው በሷ ጣቶች ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት በሽታ ከያዛት ወዲህ ግን አንዳንድ ጠዋት እነዚያ ጣቶች የሌላ ሰው ጣት ይመስሏታል። ሐኪሙ "የገዛ ሰውነቷ የነርቮቿን ሽፋን ያጠቃዋል" ሲሉ፣ እሷ ለአያቷ "ላስቲኩ የተላጠ ሽቦ በይኝ" ብላ አስረድታቸዋለች። የምትውጠው ኪኒን በሽታውን ያዝ አድርጎላታል። ኪኒኑ ግን ጉበት ይነካል፤ በየወሩ ደም ሰጥታ የጉበቷ ውጤት ካልታየ የሚቀጥለው አይሰጣትም።

ውጤቱ ደግሞ ጥሩ ነው ይባላል። የአያትየዋን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው። ምግብ ሲሸታት ያቅለሸልሻታል፣ ቆዳዋን ስታክ ታድራለች፤ ታዲያ ምኑ ነው ጥሩ?

ታናሽዋ ሳህን አጥባ ከማድ ቤት ወጣች፤ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላዋለች። የክርኗ መታጠፊያ ላይ የበለዘ ነጥብ አለ።

"ምን ሆነሽ ነው እሱ?"

"በር መታኝ።"

"በር መርፌ መያዝ የጀመረው መቼ ነው?"

ታናሽዋ እህቷን አየቻት። አያትየዋም ዞሩ። ትናንት "ደም ሰጥቼ መጣሁ" ያለችው ትልቋ ነበረች። የትልቋን እጅጌ ሰበሰቡት። አንዱንም ሌላውንም ክንድ አገላብጠው አዩ። ንጹሕ ነው።

"አንቺ ነሽ የምትሰጪላት?"

"ያለፈው ወርና ትናንት ብቻ" አለች ታናሽዋ። "ስሟን ሲጠሩ አቤት አልኩ፣ አለቀ። እዚያ ፊት የሚያይ የለም እማማ፣ ክንድ ነው የሚያዩት። ሐኪሙም ያለፈውን ወር ወረቀት አይተው 'ጉበትሽ የሕፃን ጉበት ነው' ብለዋታል። መጀመሪያ ሥቀን ነበር።"

"ሣቃችሁ! እግዜር ይይላችሁ!"

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አለች ትልቋ፣ ዓይኗን ከመፍቻዎቿ ሳትነቅል። "የራሴን ደም በሰጠሁ ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚህ ካለፈ እናቆመዋለን አሉኝ። መድኃኒቱ ከገበያ የጠፋበትን ጊዜ ረሳሽው? ማን ነበር ሽንት ቤት የሚወስደኝ?"

አልረሱትም። እሳቸው ነበሩ። ወገባቸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በጠራራ ፀሐይ "እማማ፣ መብራት አብሪልኝ" ያለቻቸው ግን ከወገባቸው የባሰ ነው።

"ሌላ መድኃኒት የለም?"

"አለ ይላሉ። እስኪመጣ እግሬ አይጠብቀኝም።"

"ጉበትሽስ ይጠብቅሻል?"

የትልቋ ስልክ ጠራ። አነሳች፣ "እሺ፣ እሺ" ብላ ዘጋች።

"ላቦራቶሪ ነው። የትናንቱ ደም ተበላሽቷል፤ ዛሬ ጠዋት መጥተሽ ድገሚ አሉ።"

የሕክምና ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ እህቷ ዘረጋችው።

ታናሽዋ ካርዱን አልተቀበለችም። "አንቺ ፍረጂ እማማ። እኔ ደክሞኛል። ብትሞትብኝ ገዳይዋ እኔ ነኝ፣ ብትወድቅብኝም እኔ ነኝ። ልሂድ ልቅር?"

ሁለቱም አፍ አፋቸውን ያዩዋቸዋል። ሂጂ ቢሉ ጉበቷ፣ ቅሪ ቢሉ እግሯ። ይህቺን ልጅ በእጃቸው "ቆመሽ ሂጂ" ብለው ዳዴ ያስጣሏት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ደግሞ በአፋቸው ሊያስቀምጧት ነው? እግዜርን ጠየቁት።

ወደ ታናሽዋ ሄዱ። የተጠቀለለውን እጅጌ ከክንዷ ላይ አወረዱት፤ የበለዘውን ሸፈኑት። የእጅጌው ቁልፍ በቀዳዳው አልገባ ብሎ ብዙ ታገሉ። ልጅቷ ክንዷን ዘርግታ ጠበቀቻቸው። በመጨረሻ ገባ። አያትየዋ ሁለት እጃቸውን እዚያው ክንዷ ላይ እንደጫኑ ቀሩ፣ ወደ ትልቋ ለመዞር ድፍረት አጥተው።

ትልቋ የዘረጋችውን ካርድ መልሳ ኪሷ ከተተችው። የመፍቻ ቦርሳዋን፣ አንድም ቀን ሳትይዘው ወጥታ የማታውቀውን፣ አንስታ ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ግድግዳውን ደገፍ ብላ ጫማዋን አጠለቀች። የገዛ እጅጌዋን እየጠቀለለች ወደ ላቦራቶሪው ወጣች።