ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ

ሦስት ሰከንድ ነው፣ አራት አይደለም፣ የሚሰማኝ ሁሉ እያንዳንዷን ነገር እንዳለች ይስማ፣ ውሃው በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ በረዶ ሆኖ በማይክሮዌቭ ይመታል፣ በአቶሞቹ እምብርት ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ እኔ በመርፌ ቀድቼ ትልቁ ማግኔት ውስጥ ፕሮቲኑ ወደሚጠብቅበት ቱቦ በሦስት ሰከንድ እገፋዋለሁ፣ ውሃው ጉልበቱን ያውሰዋል፣ ድምፁ የማይሰማው ፕሮቲን ይጮኻል፣ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ሞገድ ሆኖ ይወጣል፣ ከዘገየሁ ጉልበቱ ይበተናል፣ ተራ ውሃ። አልዘገየሁም።

ፊቴ ያለው ወረቀት ግን ናሙናው በቴክኒሻኑ እጅ መዘግየት ባከነ ይላል፣ ቴክኒሻኑ እኔ ነኝ፣ የአምስት ወር ልፋት፣ የመጨረሻዋ ጠብታ። ጋሼ ይፈርሙ እንጂ፣ ማን ሊያነበው ነው፣ ይላል የእህቴ ልጅ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ የጫማ ክር ማሰር ያስተማርኩት፣ ዛሬ ዶክተር፣ ዓይኔን አያይም፣ የሚያየው እጄን ነው።

አንተ ልጅ፣ የምልክቱን ማጉያ ማን ነው እስከ ጥግ የከፈተው? ተራውን ውሃ ስትለካ ከፍተህ ዝቅ ማድረጉን ረሳህ፣ ስክሪኑ ላይ አይቻለሁ፣ የሞገዱ ጫፍ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስል ነበር፣ የደከመ ምልክት ጣሪያ አይነካም፣ ጣሪያ ነክቶ የሚቆረጠው የበረታው ነው፣ ውሃው በጊዜው ደርሷል ማለት ነው፣ ይህን ለማወቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይበቃል።

ወደ ስክሪኑ ዞር ይላል።

እሺ ጋሼ፣ የማጉያው ጥፋት የእኔ ነው፣ እሱንም እጽፈዋለሁ፣ የጨነቀኝ ሌላ ነው፣ እስክሪብቶ ሲይዙ እጅዎን አይቻለሁ፣ እማዬንም እንዲህ ነበር የጀመራት።

እማዬ የሚላት እህቴ፣ ማንኪያ መያዝ አቅቷት፣ ኋላም መዋጥ አቅቷት የሞተች፣ ቱቦው ውስጥ ያለው የእሷ በሽታ ፕሮቲን ነው፣ ለዚህ አይደል ስድስት ዓመት እዚህ የተቀበርነው፣ ሐኪም ይዩ ጋሼ፣ እኔው አደርስዎታለሁ፣ ይላል፣ ደግሞ አዛኝ ሆነልኝ፣ ጠረጴዛው ሥር ቀኝ እጄን በግራ እጄ እይዛለሁ፣ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፣ ብርድ ነው፣ ክፍሉ ይበርዳል፣ ክፍሉ ሁልጊዜ ሃያ ዲግሪ ነው።

ሳልፈርም እነሳለሁ። ወገቤን አቀናለሁ። ጋሼ ወዴት ነው፣ ይላል፣ ወደ ሥራዬ፣ የሚታጠብ ቱቦ አለኝ።

እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ይህን ተቀብያለሁ። በሙከራው ቀን ዘገየ መባሉን ግን አልተቀበልኩም፣ የእህቴ በሽታ ነው መባሉንም አልተቀበልኩም።