ስድስት ክንድ ደጅ

አሰላ ውስጥ ዝናብን የሚንቅ ሰው የለም። አስያ ግን የዝናብን ጉዳይ ከሁሉም አብልጣ እንደምታውቅ አፏን ሞልታ ትናገራለች፤ ማስረጃዋም ቤቷ ነው። ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ አሮጌ ጭቃ ቤት ሰፊ በረንዳ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁሩታ አቅጣጫ እህልና ቅቤ ይዞ የመጣ ሁሉ ዶፉ ሲወርድ እዚያ ይጠለላል። ማንም አስፈቅዶ አያውቅም፣ እሷም ውጡ ብላ አታውቅም። በረንዳውን የሠሩት የሟች ባሏ አባት ናቸው።

እንግዲህ የዚህ በረንዳ ምሰሶ ነው አንድ ማለዳ ቀይ ቀለም ተቀብቶ የተገኘው። አዲሱ የከተማ ፕላን፣ በዚህ መንገድ ያለ ቤት ሁሉ ከአስፋልቱ አምስት ሜትር ወደ ኋላ ይሽሽ፣ ፊቱ ለመኪና ማቆሚያና ለዛፍ ይለቀቅ ይላል። ሰኞ ለምክር ቤት ይቀርባል፤ ከጸደቀ በረንዳው መፍረሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ነዋሪው ለውይይት ተጠራና አስያ ከሁሉ ቀድማ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፕላኑን ያዘጋጀው ይበልጣል የሚባል፣ ወደ ከተማው ከተመደበ ገና መንፈቅ ያልሞላው ወጣት ባለሙያ ነው። ግድግዳው ላይ ስዕል እያሳየ ያነባል። «ዛፎቹ እግረኛውን ከሐሩር ይከላከላሉ» ሲል አስያ ዞር ብላ አዳራሹን አየች። ግማሹ ሰው ጋቢ ተከናንቧል። ወዲያው ገባት። ልጁ የአንድ ቆላ ከተማ ፕላን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ፣ የከተማውን ስም ብቻ ቀይሮ ነው ያመጣላቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አውጥቶ በሕዝብ ፊት ያዋርደው ነበር። አስያ እስከ ሻይ ዕረፍት ታገሰችና ጠጋ አለችው።

«ልጄ፣ የማንን ፀሐይ ነው ያመጣህብን?»

ይበልጣል ፊቱ ቀላ። «እማማ፣ ጊዜ አጥሮኝ ነው» አለ። «አምስት ሜትሩንም ከዚያው ነው የወሰድኩት።»

ስላልዋሻት ወደደችው። «ቅዳሜ ሜትርህን ይዘህ ቤቴ ና» አለችው። «እስከ ሰኞ ብዙ ጊዜ አለህ።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከጭላሎ ተራራ የተነሳው ደመና ከተማው ላይ ተገለበጠ። በረንዳው ወዲያው በሰው ሞላ። «ኮቱ፣ ታኢ» አለችው አግዳሚውን እያሳየች፤ ይበልጣልም ሄዶ ተቀመጠ። «ጉልበትህን አትሰብስብ። እንደ ደከመው ሰው ሁን።» ሁለት ሴቶች ሸክማቸውን እንዳዘሉ አንዷ ከወዲያ፣ አንዷ ከወዲህ መጡና ፊቱ ተላለፉ። ጉልበቱን የነካው የለም፤ ከሴቶቹም ዝናብ ያገኛት የለችም።

«አማቼ መጀመሪያ ያስቀመጡት አግዳሚውን ነው» አለች። «አንድ ሰው ቁጭ አድርገው ሁለት ባለ ሸክም በፊቱ አሳለፉ። ምሰሶው የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ሲለካ ስድስት ክንድ ሆነ።»

ይበልጣል በሜትሩ ለካው፤ ሁለት ሜትር ከሰባ አምስት። ቀጥላ የጎረቤቷንና የእኩያዋን የገብረ መድህንን ደጅ አሳየችው። የእሱ በረንዳ ከእሷ ጋር ይገጥማል፤ ግን ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱምና ሱቁን ለማስፋት አንድ ክንድ ወስዶበታል። እዚያ ጋ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ አንደኛው ወርዶ ጭቃ ይረግጣል። ይበልጣል ዝናቡ እስኪያባራ ሲያይ ቆየና ደብተሩን አወጣ።

ሰኞ ለምክር ቤት የቀረበው አንቀጽ ሌላ ነበር። ቤቱ ወደ መንገዱ ይጠጋ፣ ከሦስት ፎቅ አይብለጥ፣ አዲስ የሚሠራ ሁሉ ደጁ ላይ ሁለት ሜትር ከሰባ አምስት ክፍት በረንዳ ይኑረው፣ የአንዱ በረንዳ ከሌላው ይግጠም። ከበረንዳው ኋላ ፋርማሲ ይከፈት፣ ልብስ ይሰፋ፣ ሰው ይኑርበት፣ ያ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። አንቀጹ ጸደቀ። አስያ ቀዩን ቀለም በቤንዚን አስለቀቀችው፤ ለወራትም በአንቀጹ ስትኮራ ከረመች።

በሁለተኛው ዓመት ልጇ ሰኢድ አሮጌውን ቤት አፍርሶ ባለ ሁለት ፎቅ ሊሠራ ተነሳ። ስዕሉን ሲያመጣላት በደስታ ፈረመች። መሠረቱ ተሞልቶ የምሰሶው ፌሮ እንደ ቆመ ይበልጣል መጣ፤ ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«እማማ፣ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሥራውን ማስቆሜ ነው።»

«ደረጃው ቦታ ጠቦበት ነው» አለ ሰኢድ። «ሠላሳ አምስት ሳንቲ ናት። ደግሞ በእናቴ ሕግ እናቴን ልትከለክል?»

ገብረ መድህን ይህን ሲሰማ ከሱቁ ወጣ። አስያ የእሱን ደጅ ካስለካች ጀምሮ የጠበቃት ቀን ናት።

አስያ አፈረች። የሰው ቤት ስታስለካ የኖረች ሴት የራሷን ሳታይ ፈርማለች። ሁለት ብሎኬት ላይ ጣውላ አስደረገችና ግድግዳው ከሚቆምበት መስመር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷንም ዘረጋች።

«ሰኢድ፣ ያንን ሲሚንቶ ተሸከም። ገብረ መድህን፣ አንተም አንድ ጆንያ ያዝና ከወዲያ ና።»

«በዚህ ዕድሜዬ?» አለ ገብረ መድህን፤ ግን ተሸከመ። ሁለቱ አስያ ፊት ተገናኙ። ሰኢድ ጉልበቷን እንዳይመታ ወደ ውጭ ሲል ከፌሮው ወዲያ ያለው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው።

«ሠላሳ አምስት ሳንቲ ያልካት እግርህ ናት» አለች አስያ። «ፌሮውን ንቀሉት። መሠረቱ እንደገና ይቆፈር።»

ይበልጣል ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ገብረ መድህን ጆንያውን እንዳዘለ ይስቃል።

«አንተስ» አለችው ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ «ያቺን ክንድ መቼ ነው የምትመልሳት?»

ገብረ መድህን ሳቁን አቆመና ዞሮ የገዛ ደጁን አየ።